እቴጌ ምንትዋብ፦ ከሠርጉ በኋላ ያለው ታሪክ



በዓለም ላይ ልጆች የሚሰሟቸው ብዙዎቹ ተረቶች መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ነው። አንዲት ድሃ ወይም የተናቀች ልጅ ትኖራለች፤ ንጉሥ ወይም የንጉሥ ልጅ ባልታሰበ መንገድ ያገኛታል፤ ይወዳታል፤ ያገባታል፤ ተረቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተማት ሲንደሬላ እንዲህ ናት። በቻይና ደግሞ ከዚያ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ዬ ሺየን ስለምትባል ልጅ ተመሳሳይ ተረት ተጽፎ ነበር። ይኸውም የሰው ልጅ በየአገሩ ሳይመካከር አንድ ነገር ሲመኝ እንደኖረ ያሳያል።

እኛስ እንዲህ ያለ ተረት አለን ወይ? አለን እንጂ! የጣና ዳር ሰው ሐይቁን ሐይቅ ብሎ አይጠራውም፤ ባሕር ነው የሚለው። የባሕር ዳር ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ከተማዋን አልፎ ውሃው ዳር ቢቆም፣ ከዚያ ውሃ መካከል ደቅ የሚባል ደሴት አለ። በደቅም ምዕራባዊ ጫፍ የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህንን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የእሳቸው የሕይወት ታሪክ ሲነገር እንደ ተረት ይጀምራል። ግን እንደ ተረት አላለቀም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ተረቱ

ዘመኑ የጎንደር ዘመን ነው። በዙፋን ላይ ያሉት ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት አፄ በካፋ ናቸው። በዚያን ጊዜ ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የሚፈሩ የነጋሢ ልጆች ወህኒ በሚባለው አምባ ላይ ይታሰሩ ነበር። ወህኒ ቤት የሚለው የዛሬው ቃላችንም ከዚያው አምባ ስም እንደመጣ ይነገራል። በካፋም የወጣትነት ዘመናቸውን በዚያ አምባ ካሳለፉት አንዱ ናቸው። ምናልባት ከዚህ የተነሳ ይሆናል፣ ከነገሡ በኋላ ሰው የማያምኑ ንጉሥ ሆኑ። ልብሳቸውን ለውጠው፣ እንደ ተራ መንገደኛ ሆነው በየአገሩ እየዞሩ ሕዝቡ ምን እንደሚል ያዳምጡ ነበር ይባላል።

ታዲያ አንድ ጊዜ እንዲሁ ተደብቀው ከጣና በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ቋራ ወረዱ። ቋራ ቆላ ነው፤ ንዳዱ እንግዳ አይምርም። ንጉሡም በንዳድ ተያዙና አንድ የባላገር ቤት ገብተው ወደቁ። ማንነታቸውን ያወቀ ሰው የለም። የቤቱ ልጅ ግን ይህን የማታውቀውን በሽተኛ እንደ ወንድሟ አስታመመችው። ውሃ አቀረበችለት፤ አጥሚት አጠጣችው፤ ሲያተኩሰው ሌሊቱን ከራስጌው ሳትለይ አደረች። መንገደኛውም ዳነና አመስግኖ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ የንጉሥ ጭፍሮች ከዚያ ባላገር ደጅ መጡ። ቤተሰቡ ምን አጠፋን ብሎ ተንቀጠቀጠ። ጭፍሮቹ የመጡት ግን ልጂቱን ለመውሰድ ነበር። ጎንደር ስትገባ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ሰው ያ ያስታመመችው በሽተኛ ሆኖ ተገኘ። ከውበቷም የተነሳ ምንትዋብ ተባለች፤ እንዴት ያለች ውብ ናት ማለት ነው። ከዚያማ ሠርግ ሆነ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። ተረቱ እዚህ ላይ አፉን በዳቦ አብሶ ያሰናብተናል።

ይህንን ተረት በመጽሐፍ ለውጭው ዓለም ያደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ እቴጌይቱን በአካል አግኝቷቸዋል፤ ሰፊ መጽሐፉንም በ1790 አሳትሟል።

ታሪኩ

ታሪኩ ግን ከተረቱ ትንሽ ይለያል። እቴጌ ምንትዋብ በቋራ መወለዳቸው እውነት ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ይባላል። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ትውልዳቸው ከአፄ ሚናስ የሚቆጠር ሲሆኑ፣ አባታቸውም ደጃዝማች ነበሩ። እንግዲህ ደጃዝማች የወለደው ልጅ፣ በእናትም በኩል ከነጋሢ የሚወለድ፣ እንዴት ነው የድሃ ባላገር ልጅ የሚባለው? ከአፄ በካፋ ጋር የተጋቡት በ1722 ነው። ያ ጋብቻ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የቋራን መኳንንት ከጎንደር ዙፋን ጋር ያስተሳሰረ ጋብቻም ነበር።

ታዲያ ተረቱ ለምን ድሃ አደረጋቸው? እንደሚመስለኝ ሰሚው ስለሚወድ ነው። ከጎጆ ወጥታ ቤተ መንግሥት የገባች ልጅ ታሪክ ለሁሉም ተስፋ ይሰጣል፤ የደጃዝማች ልጅ ንግሥት ሆነች ቢባል ግን ምኑ ያስደንቃል! ይህን ያህል ተረቱን መውቀስ አይገባም። የተረቱ ዋና ጉዳት ሌላ ነው፤ እሱም ከሠርጉ ላይ ማቆሙ ነው። ምክንያቱም እቴጌ ምንትዋብ ሲያገቡ ገና ወጣት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖረዋል። ተረቱ የሚነግረን የመጀመሪያዋን ምዕራፍ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከሠርጉ በኋላ

በ1723 ኢያሱ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደ። አፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ይህ ልጅ ገና ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን ሕፃን ንጉሥና መበለት እናት ማለት በጅብ መንጋ መካከል እንደ ቀሩ ላምና ጥጃ ነው። በወህኒ አምባ ዙፋን የሚመኝ ነጋሢ ሞልቷል፤ በየአውራጃውም አንጋሽ መኳንንት አይጠፋም።

እቴጌይቱ ግን ጊዜ አላባከኑም። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልንና ሌሎቹን የቋራ ዘመዶቻቸውን ወደ ሥልጣን አቀረቡ። ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱ ብለው አነገሡ። ራሳቸውም በዚያው በ1730 ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገሳ በሚለው የመንግሥት ስም የልጃቸው ተባባሪ ገዥ ሆኑ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ንግሥት መባል የንጉሥ ሚስት ለሆነች ሁሉ የሚደርስ ክብር ነው። ዘውድ ጭኖ በመንግሥት ሥራ ላይ መቀመጥና ማዘዝ ግን ሌላ ነው። እሳቸው ያገኙት ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ፈተናው ወዲያው መጣ። በ1732 ተንሴ ማሞ የተባለው መኰንን ሌላ ነጋሢ ይዞ ተነሳና እናትና ልጅን በጎንደር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ከበባቸው። ዛሬ ጎብኚ በእርጋታ የሚዞርበት ያ ግቢ በዚያን ጊዜ የጦር ሜዳ ሆነ። ከበባውን የሰበረው ለርዳታ የደረሰው የጎጃም ጦር ነው። ከአባይ ወዲህ ያለን ሰዎች ይህቺን ማወቅ ይገባናል። የእኛ አገር ሰዎች በጊዜው ባይደርሱ ኖሮ የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ በሁለተኛው ዓመት ላይ በተቋጨ ነበር።

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ታዲያ ይህንን የሚሉ ሰዎች የጎንደርን ታሪክ ቢያነቡ ምን ይሉ ይሆን? እቴጌይቱ ከ1730 ጀምሮ እስከ 1769 ድረስ፣ በልጃቸውም በልጅ ልጃቸውም ዘመን፣ ሹም ሲሾሙና ሲሽሩ፣ የተጣላ መኰንን ሲያስታርቁ፣ በሃይማኖት ክርክር የተከፋፈሉትን ካህናት ለማስማማት ሲደክሙ ኖረዋል። ይህ ወደ አርባ ዓመት ይጠጋል። ያን ያህል ዘመን በዙፋን ላይ የቆዩ ወንዶች ነገሥታት ቢቆጠሩ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ናርጋ

አሁን ወደ ባሕራችን እንመለስ። እቴጌ ምንትዋብ ብዙ አሠርተዋል። በጎንደር ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግንብ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ በተራራ ግርጌ ደግሞ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምንና ከአጠገቡ የራሳቸውን መኖሪያ አሠርተዋል። ቍስቋም የተባለው ቅድስት ማርያም ልጇን ይዛ በስደት በተቀመጠችበት በግብጽ አገር ባለው ቦታ ስም ነው። ልጃቸውን ይዘው በጠላት መካከል የኖሩ እናት ይህንን ስም መምረጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ናርጋ ሥላሴ ግን ለእኛ የቅርብ ነው። በደሴት ላይ መሥራት ቀላል አይደለም። በደሴቲቱ ያልተገኘ ነገር ሁሉ ውሃውን መሻገር አለበት፤ የጣና ሰው መሻገሪያ ደግሞ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። በዚህ ሁሉ ድካም ክብ ሆኖ በድንጋይ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ከጣና ውብ ሥራዎች አንዱ ለመሆን በቃ። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነ ነው። በእሳቸው ዘመን የተስፋፋው ይህ አሣሣል ቀለሙ ለስላሳና ደማቅ፣ የልብሱ ጌጥ በጥንቃቄ የተሣለ ስለሆነ፣ የሥዕል አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ብለው ለይተው ይጠሩታል።

ከሥዕሎቹ መካከል አንዱ እቴጌይቱን ራሳቸውን ያሳያል። በዙፋን ላይ አይደሉም፤ ልጇን ከታቀፈችው ከማርያም እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ተረቱ ለውበታቸው ስም አወጣ፤ እሳቸው ግን በገዛ ገንዘባቸው ባሠሩት ቤት ውስጥ ለመታየት የመረጡት ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባል ደሴት ይገኛል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብና አፄ ፋሲልን የመሰሉ ነገሥታት አጽም ያረፈው በዚያ ነው። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ወደ ዳጋ ሴት አትገባም። በዚያው ውሃ ላይ ግን ሴት ያሠራችው፣ ሴትም ገብታ የምታየው ናርጋ ቆሟል።

ጥፋታቸው

የታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መደርደር የተለመደ ነው። ይህ ግን ሠርጉ ላይ እንደሚያቆመው ተረት መሆን ነው። እቴጌ ምንትዋብ ብርቱ ገዥ ከነበሩ ለበጎው ሥራ እንደሚመሰገኑ ሁሉ ስለ ጥፋቱም ይጠየቃሉ።

አንደኛ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከበካፋ የእኅት ልጅ ከግራዝማች ኢያሱ ጋር በፍቅር ኖረው ሴቶች ልጆች ወልደዋል። መበለት ወጣት ናቸውና ይህ በራሱ ምንም አልነበረም። ሰዉ ግን ሰውዬውን ምልምል ኢያሱ እያለ ተሳለቀበት። ንጉሡ ልጃቸውም አልወደደላቸውም። በመጨረሻም ግራዝማች ኢያሱ በጣና አካባቢ ከገደል ተወርውሮ ሞተ፤ ያስገደለውም ንጉሡ ነው ይባላል። በተረት ውስጥ ፍቅር ይሸለማል፤ በቤተ መንግሥት ግን እንዲህ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። የእናትም የልጅም ሕንፃ፣ ጌጥና ድግስ ግምጃ ቤቱን አራቆተው። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 በስናር ላይ ዘምተው ክፉኛ ተሸነፉ፤ ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት የሚወጡት የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል እንኳ ተማርኮ በብዙ ወርቅ ተመለሰ። በ1755 ንጉሡ ሲሞቱ በግምጃ ቤቱ የተገኘው ገንዘብ ኢምንት ነበር ይባላል። እቴጌይቱም በኀዘንና በኀፍረት ወደ ቍስቋም ሊገቡ ፈለጉ፤ መኳንንቱ ግን ለምነው አስቀሯቸው።

ሦስተኛውና ትልቁ ግን ይህ ነው። ከኢያሱ በኋላ የነገሠው የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነው። እሱም ሕፃን ነበር። የኢዮአስ እናት ውቢት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ስትሆን፣ በልጄ ዘመን የማስተዳድረው እኔ ልሁን አለች። እንግዲህ አስቡት! ውቢት በ1755 የጠየቀችው ምንትዋብ በ1730 የጠየቁትንና ያገኙትን ነው። ለራሳቸው የፈቀዱትን ለምራታቸው ግን ከለከሉ። ምራቲቱ የራሷን ዘመዶች ወደ ጎንደር ጠራች፤ እቴጌይቱም ቋረኞቹን አሰለፉ። ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱን ወገን እየመከሩ የያዙት ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ መካከለኛ ጠፋ።

በዚያን ጊዜ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ለርዳታ ተጠሩ። በጋብቻም ተሳስረው ነበርና ዘመድ ይሆናሉ ተብሎ ታመነ። ሚካኤል ግን ከመጡ በኋላ የማንም ረዳት አልሆኑም፤ ሥልጣኑን ለራሳቸው አደረጉት። በግንቦት 1769 አፄ ኢዮአስ ተገደሉ፤ ያስገደሏቸውም ሚካኤል ናቸው። መኰንን ንጉሥን ሲገድልና ሌላ ሲያስቀምጥ ታየ። የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንት ጀመረ የሚሉት ከዚህ ነው። ያ ዘመን የተዘጋው በ1855 የነገሡት ሌላው የቋራ ሰው አፄ ቴዎድሮስ ሲመጡ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን በቍስቋም ቀበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ አልተመለሱም። ብሩስ ያገኛቸው በዚህ ጊዜ ነው። የመጣበት ሰሞን በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በቍስቋም የነበሩትን የቤተሰቡን ሕፃናት አክሟል። ልጃቸው አስቴር በዚሁ ዘመን የራስ ሚካኤል ሚስት ነበሩ። ይህንን ነገር አንድ አፍታ እናስበው። አያቲቱ በዚያው ቦታ የተገደለውን የልጅ ልጅ መቃብር ይጠብቃሉ፤ ገዳዩ ደግሞ የሴት ልጃቸው ባል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በምን ተረት ይገኛል?

እቴጌይቱ በ1773 በቍስቋም አረፉ። አጽማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አጽም ጋር በዚያው ይጠበቃል። ግንቡ በ1888 በደርቡሽ ወረራ ጊዜ ብዙ ጉዳት ደርሶበት ፈርሶ ይታያል። ናርጋ ግን በባሕሩ መካከል እስከ ዛሬ አለ። በጎጃምም ዘራቸው ቀጥሏል፤ ገዥው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ የሴት ልጃቸው የወለተ እስራኤል ልጅ ነበሩ።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን

አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ሁሉ የጻፍኩት ተረቱን ለማጥፋት አይደለም። ተረት የሌለው ክፍል ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ስንመረቅ በየገጠሩ ተመድበን ስንሄድ ይህንን ተረት እንንገር። ንጉሡ ሲታመም፣ ልጂቱ አጥሚት ስታቀርብ፣ ጭፍሮቹ ሲመጡ ልጆቹ ጭጭ ብለው ይስሙን።

ከሠርጉ ላይ ስንደርስ ግን አናሰናብታቸው። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለን በአንዱ በኩል ተረት፣ በሌላው በኩል ታሪክ ብለን እንጻፍ። የባላገር ልጅ የሚለው ወዴት ይግባ? 1730 የሚለውስ? ናርጋስ? ሂደን የምናየው ነገር ስለሆነ ከየትኛው ወገን ነው? ልጆቹ ራሳቸው ይደልድሉት። ከዚያ በኋላ ምንትዋብ ውቢትን መከልከላቸው ልክ ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከሩ። መልሱን ቸኩለን አንስጣቸው።

በተለይ ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ የምትቀመጠውን ልጅ እናስብ። ተረቱን ብቻ ከነገርናት የምትማረው ውብ ሆና መጠበቅን ነው። እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ማስታመምና መጠበቅ! ታሪኩን ከጨመርንላት ግን ሌላም ታውቃለች። የቋራዋ ልጅ አገር አስተዳድራለች፤ ከበባ ችላለች፤ በባሕር መካከል ሕንፃ አሠርታለች፤ ተሳስታም በስሕተቷ የመጣውን መከራ በዓይኗ አይታለች። ያች ልጅ ማስታመሙንም ማስተዳደሩንም፣ መሳሳቱንም ጭምር፣ የራሷ ሊሆን እንደሚችል ታስብ። ከዚያ የትኛውን እንደምትይዝ እሷው ትወስን።

የባሕር ዳር ዕድለኞች ነን፤ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ጊዜና አቅም ያለን በጀልባ ተሻግረን ናርጋን እንየው። ያልቻልን ደግሞ ቢያንስ ከውሃው ዳር ቆመን ለተማሪዎቻችን አቅጣጫውን እንጠቁም።